ሳያይሽ ገልብጪው

ጥር ፱ ቀን

ለውድድሩ የቴክኒክ መርማሪ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬን በዚህ የማሳጥረው ከዚህ በላይ ብጽፍ ውሸት ስለሚሆንብኝ ነው።

የላክኸው ማስታወቂያ ደርሶኛል። «አዎን ወይም አይደለም ብለው በአንድ ቃል ይመልሱ» ይላል። በአንድ ቃል የሚመልስ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማሽን ንድፍ ያስተማርሁ ሰው ነኝና በሙሉ ዓረፍተ ነገር እመልሳለሁ። አንተ ማለቴንም እንደ ድፍረት አትቁጠረው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን እንደ ሰጎን እያስረዘመ የጎረቤቱን ወረቀት ሲያይ የማውቀውን ሰው እርስዎ ማለት ምላሴ አልለመደም።

ነገሩን እንደ ተረዳሁት ልድገመው፤ ስሳሳት አርመኝ። የልጅ ልጄ ለጀማሪዎች ምድብ አንዲት ተፋላሚ ሮቦት ሠርታ አቀረበች፤ ስሟንም «ቁንጫ» አለቻት። በምርመራው ቀን የቁንጫን ክዳን ስትከፍት ከውስጥ በኩል በቀለም የተጻፈ ቃል አገኘህ። ቃሉ «ሳያይሽ በጎን ዙሪና ገልብጪው። አባባ» የሚል ነው። አንተም ይህን አንብበህ፣ አያቷ ከዳኛ ዐይን ተሰውራ የሰው ንድፍ እንድትገለብጥ መክረዋታል ብለህ አገድሃት።

ቃሉ የእኔ ነው። በስልክ የነገርኋት ነው፤ ክዳን ላይ ትጽፈዋለች ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ነገር ግን፣ አንተ ሰው፣ ልጅቷ የሠራችው ባላጋራዋን ከሥሩ ገብቶ የሚያነሣና ወደ ላይ የሚወረውር ክንድ ነው! ምን እንድላት ኖሯል? ሳያይሽ በጎን ዙሪና ሳሚው ልበላት? ያልኋት ይህ ነው፤ ባላጋራሽ ከፊቱ ያለውን ስል ሽብልቅ ወለል ላይ እየጎተተ ሲመጣ ፊት ለፊት አትግጠሚው፤ ዞረሽ ጎማው በሚታይበት በኩል ግቢና ጀርባውን ከወለሉ አጋጪው። ይህን የአማርኛ ቋንቋ በአንድ ቃል «ገልብጪው» ይለዋል። «ገለበጠ» የሚል ቃል በሰማህ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ ፈተና ትዝ የሚልህ ለምን እንደ ሆነ እኔና አንተ እናውቃለን፤ ሌላ ሰው ማስጨነቅ ግን አያስፈልግም።

እገዳውን አንሣ።

የቀድሞ መምህርህ

ጥር 13 ቀን

ለተከበሩ የቀድሞ መምህሬ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው እናቴ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችኝ ነው። መልስ አያስፈልገውም።

ስለ ቃሉ የሰጡትን ማብራሪያ ለኮሚቴው አነበብኩት። ኮሚቴው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አልደብቅም። «ገልብጪው» ማለት «ቅጂው» ሳይሆን «ጣይው» መሆኑን ተቀብለናል። እገዳው ግን አልተነሣም፤ ምክንያቱን ረጋ ብለው ያንብቡ።

ልጅቷ መመርመሪያው ጠረጴዛ ላይ ቁንጫን አስቀምጣ ስትቆም ይህ ክንድ የማን ንድፍ ነው አልኳት።

«የኔ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አያቴ። ምነው፣ እርስዎን ማንም አላስተማረዎትም?»

«አያትሽ የሠሩት ንድፍ ልከውልሻል?»

«ልኮልኛል።»

«አምጪውና እንየው።»

«አልሰጥም። የሱ ነው። ከፈለጉ እሱን ይጠይቁት።»

አያትሽ ማን ናቸው ስላት የእርስዎን ስም ጠራች። ከኋላዬ የቆሙት ሁለት መርማሪዎች የእርስዎ ተማሪዎች ነበሩ። «ጋሽ ቱንቢ!» ብለው ተማሪዎች ባወጣንልዎ ስም ጠሩዎና፣ ክፍል ውስጥ እንዳስለመዱን፣ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አንደኛው ራሰ በራ ሆኗል፤ አሁንም ስምዎን ሲሰማ እጁን ከኪሱ ያወጣል። ልጅቷ እርስዎን «እሱ» ማለቷ ግን ከሁሉ ይልቅ አስደንግጧቸዋል።

ወደ ደንቡ ልመለስ። በጀማሪዎች ምድብ የሚቀርብ መሣሪያ ተወዳዳሪው ራሱ የነደፈው መሆን አለበት። ባለሙያ ንድፍ እንደ ላከላት እሷው አምናለች። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ወይ የላኩላትን ንድፍና በእሷ ንድፍ ላይ የሰጡትን አስተያየት ልከውልን እናነጻጽር፤ ወይ ዝም ይበሉና ልጅቷ ወደ ነባሮቹ ምድብ ትዛወር። እዚያ የሚጠብቃት «መጋዝ» የሚባል ወፍራም የብረት ስለት የሚያሽከረክር ሮቦት ነው። ባለፈው ከሱ ጋር የገጠመውን ሮቦት ከመድረኩ ያወጣነው በመጥረጊያና በአካፋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀማሪነት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከምድቡ አንዴ የወጣ ዳግም በጀማሪነት አይመዘገብም።

ስለ ሦስተኛው ረድፍ የጻፉትን ዘልዬዋለሁ። በዚህ ወንበር እስካለሁ ድረስ ግን «እርስዎ» ተብሎ ይጻፍልኝ።

የቴክኒክ መርማሪው

ጥር ፲፯ ቀን

ለክቡር የቴክኒክ መርማሪ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ወንበርዎስ ደኅና ነው? «እርስዎ» ይባልልኝ ያሉትን ፈጽሜያለሁ፤ ከቃሉ ጋር አብሮ የሚመጣውን ነገር ግን በትእዛዝ ማስላክ አይቻልም።

ሁለቱ መርማሪዎች እጃቸውን ከኪሳቸው ማውጣታቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቢያንስ ሁለቱ ከክፍሌ ባዶ እጃቸውን አልወጡም።

አባትሽ ለምን ዝም አሉ ብለው ልጄን፣ የልጅቷን እናት፣ በስልክ መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ሁለተኛ እንዳይደውሉላት። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ በእጇ እያለ ስለ ማርሽ አትጠየቅም። ጥያቄው ለእኔ ነው፤ መልሱም ይኸው፤ ንድፌን አልልክም።

ክቡርነትዎ ረስተውት እንደ ሆነ፣ አንድን ነገር በኤሌክትሪክ ጉልበት ለመገልበጥ ለጀማሪ የሚሆኑ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ትንሽ ሞተር ጠንካራ ሞላን ቀስ እያለ እንዲጨምቅ ማድረግ ነው፤ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ያለው ጎማ እየዞረ ሞላውን ይገፋል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ድንገት ይለቀዋል፣ ክንዱም ይስፈነጠራል። ሁለተኛው ሞላ የሚባል ነገር ጨርሶ ትቶ ጠንከር ያለውን ሞተር በማርሽ አማካይነት በቀጥታ ከክንዱ ጋር ማሰር ነው። ፊተኛው የእኔ ነው፤ ሁለተኛው የእሷ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ወረቀት ላይ መሣላቸው ብቻ ነው። እርስዎ ቁንጫን ከፍተው አይተዋል፤ ውስጧ ሞላ አገኙ? አላገኙም። እንግዲህ ምን ቀረ?

በቃሌ ይመኑ። ቃሌን የሚጠራጠር ሰው በዚህ ዕድሜዬ አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝም ከእርስዎ ወገን ይሆናል ብዬ አልገምትም ነበር። አሁን ግን እገምታለሁ።

የልጅቷ አያት

ጥር 20 ቀን

ለተከበሩ የቀድሞ መምህሬ፤

በቃል ይመኑ ማለትዎ ገረመኝ። «በምላስ የተነደፈ ማሽን በምላስ ይሠራል» እያሉ ወረቀታችንን የሚመልሱልን ማን ነበሩ? ያልሣልነውን ነገር አንድም ቀን አምነውልን አያውቁም። እኔ የተማርኩትን ነው የምጠይቀው።

ደግሞም ሞላ አለመኖሩ ምንም አያስረዳም። ሁለት ንድፍ እንዳልላኩላት በምን ልወቅ?

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስገለብጥ መያዜን አስታወሱኝ፤ እኔም አንድ ነገር ላስታውስዎ። በዚያ ቀን በተማሪ ሁሉ ፊት በመገልበጫው ወረቀት ስም «ካርቦን» ብለው ሰየሙኝ። እስክንመረቅ ድረስ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ጠፋ። የተመረቅን ቀን ዲፕሎማዬን የሰጡኝ የክብር እንግዳ እንኳ ከኋላ የሚጮኸውን ሰምተው «እንኳን ደስ ያለህ፣ አቶ ካርቦን» አሉኝ። የአባቴ ስም መስሏቸው ነው።

ስለዚህ በቃል ማመን ላይ ከእኔ ብዙ አይጠብቁ።

ልጅቷን በተመለከተ፤ ከታገደች ወዲህ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ አልጠፋችም። ቁንጫን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብሎን ታጠብቃለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታጠብቃለች። የጥበቃ ሠራተኛው የሻይ ብረት ድስቱን አውሷት እሱን እየገለበጠች ትለማመዳለች። ድስቱ ጎርብጧል፤ ሰውየው ግን ሰው በተሰበሰበ ቁጥር «እስቲ ድገሚው» ይላታል።

ትናንት ስወጣ አጠገቧ ቆም ብዬ፣ አያትሽ ንድፉን ቢልኩልኝ ነገ ትገቢ ነበር አልኳት።

«አይልክም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ያፍራላ።»

«ጋሽ ቱንቢ? በምን?»

«እሱን እሱ ይንገርዎት» ብላ ብሎኗን ማጥበቅ ቀጠለች።

እጣ የሚወጣው ጥር 28 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ካልደረሰኝ ስሟን ወደ ነባሮቹ ምድብ አዛውራለሁ። በምን እንደሚያፍሩ ለማወቅ ጓጉቻለሁ፤ ይህን መደበቅ ግብዝነት ይሆንብኛል።

የቴክኒክ መርማሪው

ጥር ፳፫ ቀን

ለክቡር የቴክኒክ መርማሪ፤

አስቀድሜ ስለ ስሙ። ካርቦን ያልሁዎት ስለ ገለበጡ አይደለም። ገልባጭ በየክፍሉ ነበር። ጎረቤትዎ የማርሹን ጥርስ ሲቆጥር ተሳስቶ ነበር፤ እርስዎ ስህተቱን ከነሥርዙ ገለበጡት። አንድ ጊዜ እንኳ ራስዎ ቢቆጥሩ ኖሮ ያገኙት ነበር። የተቆጣሁት በዚያ ነው፤ ዛሬም ቢያቀርቡልኝ ያንኑ ዜሮ እሰጥዎታለሁ። የክብር እንግዳው ያሉት ግን እኔን አይመለከትም።

አሁን ይጓጉለት የነበረውን ያንብቡ። ከዚህ ጋር ሦስት ወረቀት አያይዣለሁ። አንዱ ለልጅቷ የላክሁላት የሞላ ንድፍ ነው። ሁለተኛው የእሷ ንድፍ ግልባጭ ነው፤ በላዩ በቀይ እርሳስ የጻፍሁበት አለ፤ የእኔ እጅ ስለ ሆነ ያውቁታል። ሦስተኛው በፊርማዬ የተረጋገጠ ቃሌ ነው፤ ለኮሚቴው እንዲህ ይላል፦

«እኔ ስሜ ከታች የተጻፈው፣ የልጅ ልጄ ለቁንጫ በነደፈችው ገልባጭ ክንድ ላይ አንዳችም አሳብ አልሰጠሁም። የሰጠሁት ተቃውሞ ነው። ንድፏን አይቼ ‹አይሠራም› ብዬ ጻፍሁባት፤ በስልክም ‹ይህ ሞተር እንኳን ሮቦት የድስት ክዳን አያነሣም› ብዬ ዘለፍኋት። በንድፏ ምትክ የራሴን የሞላ ንድፍ ልኬ እሱን እንድትሠራ አዘዝኋት። እሷ ግን እምቢ አለች። ክንዱ ይሠራል። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ለመጻፍ ለምን እንደ ዘገየሁ እንግዲህ ገብቶዎታል። የሚያነበው እርስዎ ባይሆኑ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እልከው ነበር።

ስህተቴንም ልንገርዎ፤ ሰዎች አሳምረው እንዳያወሩት። ሞተሩ ከሞተ የእጅ መሰርሰሪያ የወጣ ነው። ጎኑ ላይ የሚችለው ጭነት ተጽፏል። እኔ የተማርሁትም ያስተማርሁትም ከተጻፈበት በላይ አታስጭን የሚል ነው። የተጻፈውን ይዤ አሰላሁ፤ ክንዱ አንድ ዳቦ የሚያህል እንኳ ማንሣት አልቻለም። ይህን ስነግራት ሳቀች።

«አባባ» አለችኝ፣ «ጎኑ ላይ የተጻፈው እኮ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ነው።»

«ታዲያ ያንቺው ምን ሊሠራ ነው?»

በስልኩ ውስጥ አንድ ጊዜ አጨበጨበች። «ይህን ያህል ነው የሚሠራው። ከዚያ ያርፋል። ለአንድ ጭብጨባ ብዙ እጥፍ ቢጫን አይቃጠልም፤ ለመቃጠልም እኮ ጊዜ ያስፈልጋል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ነካሁት። ደጋግሜ ገልብጬ በእጄ ነካሁት። ለብ ብሏል እንጂ አላቃጠለኝም። አንተ ነክተኸዋል?»

አልነካሁትም። እንደገና ሳሰላው ልክ ነበረች።

ወረቀቶቹን ለእነዚያ ለሁለቱ አያሳዩ። እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው እንዲከቱ አልፈልግም።

የልጅቷ አያት

የካቲት 2 ቀን

ለተከበሩ የቀድሞ መምህሬ፤

ያሉትን ሳልፈጽም ቀርቻለሁ። በደንባችን መሠረት እገዳ የተነሣበት ምክንያት በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቃልዎን ከነፊርማው ለጥፌዋለሁ። ደስ ብሎኝ እንደ ለጠፍኩት አልክድም። ሁለቱም አነበቡት። ራሰ በራው ረጅም ጊዜ ቆሞ ሲያነብ እጁን አየሁት፤ ኪሱ ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ቢጠይቁኝ ደስታዬንም ቀንሶብኛል።

ልጅቷ በጀማሪዎች ምድብ ገባች። የመጀመሪያው ግጥሚያ እንደ ተጀመረ አለቀ ማለት ይቻላል። የመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ቁንጫ በጎን ዞራ ገባች፤ ባላጋራዋ ከጣሪያው መስታወት ጋር ተላትሞ በጀርባው ወደቀ፣ ጎማዎቹም ሰማይ ሰማይ እያዩ ዞሩ። የጥበቃ ሠራተኛው «ከኔ ድስት የተማረች ናት!» እያለ ጮኸ።

በሁለተኛው ግጥሚያ አንዴ ገለበጠች፤ ባላጋራዋ ግን ተገላብጦ ተነሣ። ለሁለተኛው ክንዱን ስታዝ ሞተሩ ጮኸ፣ ክንዱ ግን አልተነሣም። ቀሪውን ጊዜ በባዶ ሽብልቅ ስትገፋ ቆይታ በዳኞች ድምፅ ተሸነፈች። አላለቀሰችም። ጠረጴዛዬ ላይ ክዳኑን ስትከፍት የማርሹ ጥርሶች እንደ ስኳር ፈስሰው ሥሩ ተከማችተው አገኘናቸው።

አሁን የምጽፍበትን ዋና ጉዳይ ልንገርዎ። እርስዎ ከላኩልኝ የእሷ ንድፍ ግርጌ ላይ፣ በቀይ፣ በጣም በትንሹ የተጻፈ ሌላ ቃል አለ። በደብዳቤዎም በፊርማዎም አላነሡትም። «እነዚህ ጥርሶች ይረግፋሉ» ይላል፤ ከጎኑ ስሌቱ አለ። ስሌቱን ራሴ ቆጠርኩት፤ ልክ ነው። ልጅቷን ይህን ታውቂ ነበር ወይ አልኳት፤ አላውቅም አለች። አልነገሯትም።

የውድድሩን ማጠቃለያ ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። «የመሣሪያው ብልሽት አስቀድሞ በባለሙያ ተተንብዮ ነበር» ብዬ ስምዎን ላስገባ እችላለሁ። በሰሌዳ ላይ የተሳሳቱበትን ለጥፌያለሁና ልክ የነበሩበትንም መጻፍ ይገባኛል። ይህ ውለታ አይደለም፤ ለእርስዎ ውለታ የምሠራ ሰው አይደለሁም። ልጻፍ ወይ? ደግሞስ ለምን ዝም አሉ?

የቴክኒክ መርማሪው

የካቲት ፯ ቀን

ለክቡር የቴክኒክ መርማሪ፤

አይጻፉ።

መለጠፍዎን ሰምቻለሁ፤ ለዚህ አልመርቅዎትም። እንዲያ የሚያደርጉ ሰው መሆንዎን እያወቅሁ ነው የላክሁት፤ ስለዚህ አቤቱታ የለኝም።

ለምን ዝም አሉ ላሉኝ፣ ስለ ጠየቁኝ ሳይሆን ሪፖርትዎ ውስጥ ግምት እንዳይገባ እመልሳለሁ። ልጅቷ በስልኩ ውስጥ አጨብጭባ ከዘጋችው በኋላ ሁሉን እንደገና ማስላት ጀመርሁ። ክንዱ እንደሚሠራ አገኘሁ። በዚያው ብዕሬን ባስቀምጥ ጥሩ ነበር፤ ግን የለመደ እጅ አያርፍምና ልጅቷ ከታገደች በኋላ ወደ ማርሹ አለፍሁ። ክንዱ ጫፍ ደርሶ ሲገታ ሞተሩ ገና እየተሽከረከረ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት የሚወድቅበት ለስላሳ ነገር ስላላኖረች በጥርሶቹ ላይ ይወድቃል። ጥቂት ጊዜ ይችላሉ፣ ከዚያ ይረግፋሉ። አንድ ቁራጭ ላስቲክ ቢጨመርበት ይበቃ ነበር።

ወዲያው ልነግራት ስልኩን አነሣሁ። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ተወዳዳሪው ራሱ የነደፈው መሆን አለበት የሚለው። ላስቲኩን ብነግራት ታስገባው ነበር። ብታስገባው ደግሞ «አንዳችም አሳብ አልሰጠሁም» ብዬ መፈረም አልችልም ነበር። እኔ ሳልዋሽ እንድትገባ፣ እሷ የሚሰበር ክንድ ይዛ መግባት ነበረባት። ስልኩን አስቀመጥሁት። ልጅ እያየሁት ወደ ጉድጓድ ሲሄድ ዝም ብዬ አላውቅም ነበር፤ ይህን ከእርስዎ ደንብ ተምሬያለሁ፤ ትምህርቱንም አልወደድሁትም።

ስለዚህ ስሜን ከሪፖርትዎ ያውጡ። ክንዱ የእሷ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ክንዱ የእሷ ከሆነ ስብራቱም የእሷ ነው። እኔ ከሁለቱም ድርሻ የለኝም፤ እርስዎም አያካፍሉኝ።

ትናንት ደውላ ነበር። ሰሌዳው ላይ ስላነበበችው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አላነሣሁም።

«አባባ፣ ጥርሶቼ ረገፉ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«መርማሪው አንተ ቀድመህ ታውቅ እንደ ነበር ነገረኝ። ለምን እንደ ረገፉ ታውቃለህ?»

«አንቺ ንገሪኝ።»

ጠረጴዛ ላይ ብረት ስታንከባልል ይሰማኛል። ከዚያ፣ «ባላጋራዬ አይደለም የሰበራቸው» አለች፤ «ክንዱ ሲቆም ሞተሬ አልቆመም። የራሴ ጉልበት ነው የሰበረኝ።»

ልክ ነበረች። ልክ ነሽ አልኋት። ይህን ቃል ለተማሪ ስናገር እርስዎ ሰምተውኝ አያውቁም፤ እንዴት እንደሚባልም ለጊዜው ጠፍቶኝ ነበር።

የልጅቷ አያት